ሸንተረሩን እዩ

በድሮን የተሠራ ካርታ ሲረከቡ በስክሪኑ ዙሪያ የተሰበሰቡት ሰዎች የሚያደንቁት ቀለሙን ነው። የጣሪያው ቆርቆሮ ሳይቀር መታየቱ ይነገራል፤ ይጨበጨባል፤ ይፈረማል። ጣሪያው እንዲያ ጥርት ብሎ የታየው ቤቱ ሜዳ ላይ ስለሆነ ነው። ምስሉን ወደ ሸንተረሩ ስቦ የሚያጎላ ሰው ግን የለም። ይህ ያናድደኛል። ሜዳን ማንም ያነሣል፤ ወጣ ገባ መሬት ላይ የተሠራ ካርታ የሚመዘነው በሸንተረሩ ነው። የሸንተረሩ ዕጣ ደግሞ የሚወሰነው ድሮኑ ከመነሣቱ በፊት፣ የበረራ ዕቅዱ ሲወጣ ነው።

ስለ ፈቃድ፣ ስለ ባትሪ፣ ስለ ነፋስ፣ ሌንስ ስለመወልወል አልጽፍም። ይህን ያልተማረ ሰው ሥራውን ባይጀምረው ይሻላል። የምጽፈው ስለ አንዲት ቁጥር ነው። በዕቅዱ ላይ «ከፍታ 120 ሜትር» ተብላ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ሳትለወጥ ስለምትዘልቀው ቁጥር።

120 ሜትር ከምን? በአብዛኞቹ የዕቅድ ማውጫ መተግበሪያዎች ከፍታው የሚቆጠረው ከመነሻው ነጥብ ነው። ካልታዘዘ በቀር ድሮኑ ከሥሩ ስላለው መሬት አያውቅም። ከሸለቆ ግርጌ ካስነሣችሁት፣ መሬቱ 80 ሜትር ከፍ ባለበት ቦታ ላይ በ40 ሜትር ብቻ ያልፋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚፈራው ግጭትን ነው። ድሮን ሲጋጭ ሁሉም ያያል፣ ሥራውም ይደገማል። እኔን የሚያሳስበኝ ማንም ሳያየው ተፈርሞበት የሚያልፈው ጉዳት፣ የፎቶዎቹ መደራረብ መሳሳት ነው።

ፋንተም 4 አርቲኬ የተባለውን ድሮን እንውሰድ። ሴንሰሩ 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር፣ የሌንሱ የትኩረት ርዝመት 8.8 ሚሊሜትር ስለሆነ ስሌቱ በቃል የሚሠራ ነው። በ120 ሜትር ከፍታ አንድ ፎቶ መሬት ላይ 180 በ120 ሜትር ይሸፍናል። የፊት መደራረቡ 75 በመቶ ይሁን ከተባለ በየ30 ሜትሩ ፎቶ ይነሣል። የጎኑ 70 በመቶ ከሆነ በመስመሮቹ መካከል 54 ሜትር ይኖራል። አሁን መሬቱ 60 ሜትር ከፍ ይበል። ፎቶው የሚሸፍነው 90 በ60 ሜትር ብቻ ይሆናል፤ 30ውና 54ቱ ግን እንዳሉ ናቸው። የፊቱ መደራረብ ወደ 50፣ የጎኑ ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። መሬቱ 80 ሜትር ከፍ ሲልማ ለፊቱ 25፣ ለጎኑ 10 በመቶ ይተርፋል። ፎቶዎቹን ወደ ካርታ የሚቀይረው ሶፍትዌር የአንድን ድንጋይ ከፍታ የሚያሰላው ያንኑ ድንጋይ በብዙ ፎቶዎች ላይ ከተለያየ አቅጣጫ አግኝቶ ነው። በ10 በመቶ የጎን መደራረብ ምን ያገኛል? ክፍተቱን ከጎረቤት ነጥቦች እየገመተ ይሞላዋል።

ተረካቢውን የሚያታልለው ደግሞ ይህ ነው፦ ድሮኑ ወደ መሬቱ ስለቀረበ ሸንተረሩ ላይ የተነሣው እያንዳንዱ ፎቶ ከሌላው ሁሉ የጠራ ነው። ሣሩ ይታያል፣ ጠጠሩ ይቆጠራል። ተለማማጁም ይህን አይቶ ጥራት ይለዋል። ጥራት አይደለም። ካርታ የሚሆነው አንድ ፎቶ ብቻውን ሳይሆን የፎቶዎቹ መደራረብ ነው።

ጉድለቱን በዓይን ለመለየት ከሸንተረሩ አናት ላይ ቀጥ ያለ ነገር ፈልጉ። የእርከን ካብ ካለ ጠርዙን ተከተሉት፤ መሐል ላይ ከተሰበረና ግማሽ ሜትር ወደ ጎን ሸሽቶ ከቀጠለ ሥራው ተበላሽቷል። የጎጆ ክዳን ሁለት ጫፍ ካወጣ፣ የመንገድ ጠርዝ ከተጥመለመለ፣ ያው ነው። ከዚያ የጥራት ሪፖርቱን ጠይቁ። ፒክስ4ዲ የተባለው ሶፍትዌር የሚያወጣው ሪፖርት እያንዳንዱ ቦታ በስንት ፎቶ እንደተሸፈነ በቀለም ያሳያል፤ አረንጓዴው በደንብ የተሸፈነው፣ ቀዩ የሳሳው ነው። የአካባቢው ዳር መቅላቱ የተለመደ ነው። መሐሉ ላይ ሸንተረሩን ተከትሎ የተዘረጋ ቀይ ካያችሁ ግን የዕቅዱ ባለቤት መሬቱን ሳያይ እንዳቀደ እወቁ። አማካይ የፒክስል ስፋቱን አትመኑ። ሸንተረሩ ላይ 1 ሴንቲሜትር፣ ሸለቆው ውስጥ 6 ሴንቲሜትር የሆነ ሥራ አማካዩ ሲወጣ ያማረ ሆኖ ይቀርባል።

ይህን ያስተማሩኝ በሕይወታቸው ድሮን ያላበረሩ ሰው ናቸው። ጋሼ እንላቸው ነበር፤ በቀድሞው የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት በአውሮፕላን ለሚነሡ ፎቶዎች የበረራ ዕቅድ ሲያወጡ የኖሩ። ባለ 1፡50,000 ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በየ20 ሜትሩ የተሰመሩትን ኮንቱሮች በጣታቸው እየተከተሉ፣ በእያንዳንዱ የበረራ መስመር ሥር ያለውን ከፍተኛና ዝቅተኛ ነጥብ በቀይ እርሳስ ይከቡ ነበር። በዚያ ዘመን የተለመደው የፊት መደራረብ 60፣ የጎኑ 30 በመቶ ነበርና የሚባክን ትርፍ አልነበራቸውም። መደራረቡን የሚያሰሉት በከፍተኛው ነጥብ ላይ ነው፤ በአማካዩ የሚያሰላ ተማሪ ወረቀቱ ያለ አንድ ቃል ይመለስለታል። ልዩነቱ ሲበዛባቸው አካባቢውን ከፍለው ለየክፍሉ ሌላ ከፍታ ይሰጣሉ። ዛሬ ኮምፒውተሩ በአንድ ደቂቃ የሚያወጣው ዕቅድ የእርሳቸውን እርሳስ ያህል አለማሰቡ ያሳፍራል።

ከእርሳቸው የወረስኩትን ሕግ አድርጌዋለሁ። በአካባቢው ውስጥ ያለው የከፍታ ልዩነት ከበረራው ከፍታ ሩብ ከበለጠ በአንድ ቁጥር አይበረርም። ሩብ ላይ ከላይ ያሰላነው የፊት መደራረብ 67፣ የጎኑ 60 በመቶ ይሆናል፤ ከዚያ በታች አልወርድም። በ120 ሜትር በረራ ሩቡ 30 ሜትር ነው። በደጋው አገራችን 30 ሜትር ምን አላት? ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ያሽቆለቁላል።

መድኃኒቱ መሬቱን ተከትሎ መብረር ነው፤ ሚሽን ፕላነር የተባለው የዕቅድ ማውጫ መተግበሪያም ሌሎቹም ያስችላሉ። እዚህም ግን ቁልፍ ተጭኖ ረክቶ የሚቀመጥ ሰው አለ። ብዙ ጊዜ ከሥር የሚገባው የከፍታ መረጃ ኢንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. በራዳር የሰበሰበችው ኤስአርቲኤም ነው። ከነጥብ እስከ ነጥብ 30 ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ የአምባን ገደል ተዳፋት አድርጎ ይስለዋል። ከዚያ ዓመት ወዲህ የተተከለውን ባህር ዛፍ፣ የቆመውን የስልክ ማማም አያውቅም። ጎበዝ ባለሙያ በመጀመሪያ ከፍ ብሎ አንድ የቅኝት በረራ ያደርጋል፤ ከዚያ የራሱን የከፍታ ሞዴል ሠርቶ ለዋናው በረራ ይሰጠዋል። አብሬያቸው የሠራሁ አንድ አንጋፋ ቀያሽ ከዚህም አልፈው ጫፉ ላይ በእግራቸው ሳይወጡ ዕቅድ አያጸድቁም ነበር። ወጣቶቹ ጊዜ ማባከን ይመስላቸዋል፤ የእርሳቸው ሥራ ግን አንድም ቀን ለድጋሚ ሲመለስ አላየሁም።

የመነሻውን ቦታም ተመልከቱ። ሰነፍ አብራሪ መኪናው ከቆመበት፣ ብዙ ጊዜ ከመንገዱ ዳር፣ ከታች ያስነሣል። ደህና አብራሪ ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣል። ድሮኑ ወደ መነሻው ሲመለስ የሚወጣበት ከፍታም በተለምዶ የሚቆጠረው ከዚያው መነሻ ነጥብ ነውና፣ ከታች ተነሥቶ ከሸንተረሩ ማዶ ሲሠራ ግንኙነት የተቋረጠበት ድሮን ኮረብታው ውስጥ ሊገባ ይችላል።

እንግዲህ የምትከፍሉ ሰዎች፣ ውሉ ላይ «በከፍተኛው ነጥብ ላይ የሚኖረው መደራረብ» የሚል መስመር ይግባ። ዕቅዱን ከበረራው በፊት አስቀርቡ። ባለሙያው በቦታው ያለውን ከፍተኛ ነጥብና እዚያ ላይ የሚኖረውን መደራረብ ወዲያው ካልነገራችሁ ድሮኑ አይነሣ። ካርታው ሲመጣም ቀለሙን ከማየታችሁ በፊት ሸንተረሩን አጉሉት፤ ካቡ ከተሰበረ አትፈርሙ።