የዋያን ቤት

የኤልዛቤት ጊልበርትን «ኢት፣ ፕሬይ፣ ላቭ» መጀመሪያ ያነበብኩት በስልኬ ነው፤ በቴሌግራም ሲዞር የደረሰኝ ፒዲኤፍ ነበር። ጸሐፊዋ ሌሊት መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ሆና ስታለቅስ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። የምፈታው ባል አልነበረኝም፤ ድካሙን ግን አወቅኩት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው መጽሐፍ መሳቂያችን ሆነ። «ብር ካለማ እኛም ባሊ ሄደን እንድን ነበር» እየተባባልን ከጓደኞቼ ጋር እንስቅበት ነበር። ሰሞኑን እንደገና ስገልጠው ግን ሁለቱም ንባቦቼ አንድ ጉድለት እንደነበረባቸው ገባኝ። ሳለቅስም ስስቅም የማየው እሷን ብቻ ነበር። ዋያንን አላየኋትም።

ላላነበባችሁት ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ጊልበርት ከከባድ ፍቺ የወጣች አሜሪካዊት ጸሐፊ ናት። አሳታሚዋ በቅድሚያ በከፈላት ገንዘብ አንድ ዓመት ትጓዛለች፦ አራት ወር ጣልያን ለመብላት፣ አራት ወር ሕንድ ለመጸለይ፣ አራት ወር ደግሞ ባሊ፣ ሁለቱን ለማመጣጠን። እዚያም ፍቅር ያገኛታል። መጽሐፉ በሂንዱ መቁጠሪያ ቁጥር ልክ 108 አጫጭር ክፍሎች አሉት። በ2006 (እ.ኤ.አ.) ታተመ፤ በ2010 ራያን መርፊ ጁሊያ ሮበርትስን ይዞ ፊልም አደረገው። ከዚያ በኋላ ኡቡድ የምትባለው የባሊ ከተማ ልባቸው የተሰበረ ሴቶች መዳረሻ ሆነች። ስሟ ራሱ «ኡባድ» ከሚለው የአገሩ ቃል እንደመጣ ይነገራል፤ መድኃኒት ማለት ነው።

ዛሬ ኢንስታግራም ላይ የምናየው «የሴቶች ሪትሪት» የሚባለው ነገር ቅርጹ ከዚህ ታሪክ ጋር አንድ ነው። ሰባት ቀን፣ ሩዝ ማሳ ፊት ለፊት ዮጋ፣ ማሳጅ፣ በአበባ የተሞላ ገንዳ፣ አንድ ቀን ደግሞ የአገሩ ባሕላዊ ሐኪም። የሚገርመው ግን መጽሐፉ ራሱ የዚህ ልጅ መሆኑ ነው። ጊልበርት መጀመሪያ ባሊ የሄደችው አንድ የሴቶች መጽሔት ስለ ዮጋ ዕረፍት እንድትጽፍለት ልኳት ነው። ኬቱት ሊየር የሚባሉትን አዋቂ ያገኘቻቸው ያኔ ነው፤ ተመልሰሽ ትመጫለሽ ያሏትም ያኔ። ስለዚህ ሪትሪቱ መጽሐፉን ወለደ፣ መጽሐፉ ደግሞ ሌላ ሺህ ሪትሪት።

አሁን ርዕሱን ወደ አማርኛ ለመመለስ ሞክሩ። እንግሊዝኛው ለማን እንደሚናገር አይለይም። አማርኛ ግን ዝም ብሎ አያሳልፈንም፤ «ብላ» ወይ «ብዪ» ማለት አለብን። «ብዪ፣ ጸልዪ፣ አፍቅሪ» ስንለው ጆሮ ላይ እንግዳ ሆኖ ይቀራል፤ ምክንያቱም ለሴት ልጅ በዚህ አነጋገር የሚመጣው ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። አምጪ፣ አቅርቢ፣ እጠቢ፣ ዝም በይ። ያን መጽሐፍ ስናነብ የሚሰማን ደስታ አንዱ ምንጩ ይህ ይመስለኛል፦ አንዲት ሴት ሌላ ትእዛዝ ስትሰማ ማየት። ይህን ደስታ አልንቀውም። ግን ያቺ ሴት እየበላች ከሆነ፣ «አቅርቢ» የተባለችው ማን ናት?

ወደ ዋያን እንምጣ። ጊልበርት ኡቡድ ውስጥ ከብስክሌት ወድቃ ጉልበቷ ይቆስልና ዋያን የምትባል ባሕላዊ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለች። ዋያን ትንሽ ሱቅ አላት፤ በቅጠል ታክማለች፣ ምሳም ትሸጣለች። ቱቲ የምትባል ልጅ አለቻት፤ ሁለት ወላጅ አልባ ልጆችም ታሳድጋለች። እሷም ፈት ናት። ባሏ ይደበድባት ነበር። በባሊ ልማድ ፍቺ ሲመጣ ልጅ የአባት ወገን ነው፤ ዋያን ቱቲን ለማስቀረት ያላትን ሁሉ ሸጣለች። አሁን ደግሞ ከተከራየችው ቤት ልትወጣ ነው። ቱቲ ከአንድ ሆቴል ግንባታ ላይ ያገኘቻትን ሰማያዊ የወለል ንጣፍ ይዛ ትዞራለች። አንድ ቀን ቤት ቢኖረን ወለሉ እንዲህ ይሆናል ብላ እላዩዋ ላይ ተቀምጣ ታልማለች።

እስቲ ሁለቱን ፍቺዎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንዷን ፍቺ ዓለም ዞራ ትድናለች፤ ሌላዋን ፍቺ ቤት አልባ ያደርጋታል። አንዷ ሐኪም ፍለጋ ባሕር ተሻግራ ትመጣለች፤ ሌላዋ ራሷ ሐኪም ናት፣ የሚያክማት ግን የለም። መጽሐፉ ይህን ንጽጽር ፊታችን ያስቀምጠዋል እንጂ አይነካካውም። ለጊልበርት ፍቺ ከመቶ ገጽ በላይ የሚሄድ ሐዘን አለ፤ ለዋያን ፍቺ ጥቂት ገጽ።

ጊልበርት 35ኛ ልደቷን ምክንያት አድርጋ ለወዳጆቿ ኢሜይል ትጽፋለች፤ ስጦታ አትላኩልኝ፣ ለዋያን ቤት አዋጡ ትላለች። 18,000 ዶላር ገደማ ይሰበሰባል። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ መጽሐፉ ማስታወቂያ ነበር። አላበቃም። ዋያን መሬቱን አትገዛም። ቀኑ ጥሩ አይደለም፣ ይህኛው መሬት መንፈሱ አልተስማማኝም፣ ያኛው ይሻላል፤ በመጨረሻም ተጨማሪ ብር ትጠይቃለች፣ ሆቴል ነገር ማሰብ ትጀምራለች። ጊልበርት እንቅልፍ ታጣለች። ፍቅረኛዋ ፌሊፔ የዚህን አገር ሰው አንቺ አታውቂውም ብሎ ያስረዳታል። በመጨረሻ ትዋሻለች፤ ገንዘቡን ያዋጡት ሰዎች ተቆጥተዋል፣ ሊወስዱት ነው ብላ። ዋያን ወዲያው መሬቱን ትገዛለች።

ለእኔ የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል ይህ ነው። እስከዚያ ድረስ የአገሩ ሰዎች ሥራቸው መስጠት ነው፦ ፈገግታ፣ ምክር፣ ቅጠል። ዋያን ግን አንድ ነገር ፈለገች። የፈለገችው ደግሞ ሊሰጧት ከታሰበው በላይ ነው። እስቲ በእሷ ቦታ ሁኑ። ይህቺ እንግዳ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ትሄዳለች። ብሯም ወዳጅነቷም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። እንዲህ ያለ በር በሕይወት አንዴ ቢከፈት፣ ሰፋ አድርጎ ለመክፈት የማይሞክር ማን ነው? የኛ ሰው «ዕድል አንዴ ነው የምታንኳኳው» ሲል የሚያሞግሰውን ነገር፣ ዋያን ስታደርገው ተንኮል ለምን እንለዋለን?

ጊልበርትን ማመስገን ያለብኝ ቦታም ይህ ነው። ልትደብቀው ትችል ነበር፤ ጻፈችው። የዋሸችውንም ጻፈች። የምከስሳት ከዚያ በኋላ ባለው ነው። ጭቅጭቁ ሁሉ ጠንካራ መሆን እንደተማረች ማስረጃ ሆኖ ያልቃል። ቤቱ የዋያን፣ ትምህርቱ የእሷ። መጽሐፉ ሲዘጋም ከፌሊፔ ጋር በጀልባ ወደ ሌላ ደሴት እየሄደች ነው።

ፊልሙ ደግሞ ይህን ጭቅጭቅ ጭራሽ አውጥቶታል። ዋያንን የተጫወተችው ክሪስቲን ሃኪም በኢንዶኔዥያ ሲኒማ እጅግ የተከበረች ተዋናይት ናት። እንዲያ ያለችውን ሰው አምጥተው የሰጧት ሥራ መደነቅና ማመስገን ነው። ኢሜይል ተላከ፣ ብር መጣ፣ እንባ። በቃ።

ይህን እንደገና እንዳነብ የገፋፋኝ በ2025 የወጣው የ«ዘ ኋይት ሎተስ» ሦስተኛ ሲዝን ነው። ብዙዎቻችን ለብላክፒንኳ ሊሳ ብለን ከፍተነው ይሆናል። ታይላንድ ውስጥ ባለ የጤናና የመንፈስ ዕረፍት ሆቴል ነው ታሪኩ። እዚያ ቤሊንዳ የምትባል የስፓ ኃላፊ አለች። በመጀመሪያው ሲዝን ሃዋይ ውስጥ ታንያ የምትባል ሀብታም እንግዳ የራስሽን ማዕከል አስከፍትሻለሁ ብላ ቃል ገብታላት፣ ቢዝነስ ፕላን አሠርታት፣ በመጨረሻ ትታት ሄዳለች። በሦስተኛው ሲዝን ቤሊንዳ ራሷ ብር ታገኛለች። አብረን ስፓ እንክፈት ያላት ፖርንቻይ የሚባል ታይላንዳዊ ባልደረባ ነበር። እሷም ትታው ትሄዳለች።

ማይክ ዋይት እዚህ ላይ ጊልበርት ያልደፈረችውን አደረገ። የታከመችዋንና አካሚዋን ቦታ አለዋወጠና ችግሩ የታንያ ክፉነት ብቻ እንዳልነበረ አሳየን። የምታርፈዋ ሴት ስትቀየር፣ ቃል ተገብቶላት የምትቀረው ወይም የሚቀረው ሰው ብቻ ነው የሚቀየረው። ግን እሱም ቢሆን ከፖርንቻይ ጋር አልቀረም። ካሜራው ከቤሊንዳ ጋር ጀልባ ላይ ወጣ። ሁለቱም ሥራዎች ከሚሄደው ሰው ጋር በውኃ ላይ ሲጨርሱ ልብ በሉ።

ታዲያ ሪትሪት ይቅር? አይ፣ እንደሱ አልልም። የደከመች ሴት ማረፍ አለባት። በዚህ ነገር ላይ የሚበዛው ፌዝ ሴቶች ስለሆኑ ብቻ የሚመጣ ነው፤ ወንዶች ተሰባስበው ላንጋኖ ዓሣ ሊያጠምዱ ቢሄዱ «ራሳቸውን ሊያገኙ» ብሎ የሚስቅ የለም። እኛስ ሱባኤ የሚል ቃል አለን አይደል? ስሙም ከሰባት የመጣ ነው። እናቴ በዓመት አንዴ ከጓደኞቿ ጋር ለሰባት ቀን ጠበል ትሄድ ነበር። ቆሎና ውኃ ይዘው፣ መሬት ላይ ተኝተው፣ ሌሊት እያወሩና እያለቀሱ ይሰነብታሉ። ስትመለስ ፊቷ ሌላ ነው። እዚያ ማንም ለማንም አያቀርብም፤ ከሪትሪቱ የሚለየው ይህ ነው እያልኩ በልቤ እኮራ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር መከራከሪያዬ ይኸው ነበር። ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና እጄን ያዘኝ። እናቴ ጠበል በሄደችባቸው ሰባት ቀናት ቤታችን ውስጥ ማን ነበር ምግብ የሚሠራው? ከገጠር የመጣች፣ ከእኔ በአንድ ዓመት የምትበልጥ ልጅ ነበረች። እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ እሷ እንጀራ ትጋግራለች። አራት ዓመት አብራን ኖራለች። እሷ መቼ ነው የምታርፈው ብዬ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። አንድ ጠዋት ዓረብ አገር ልሄድ ነው አለችን፤ እናቴ ተቆጣች፣ «ምን ጎደለብሽ?» አለቻት። ለካ ዋያንን በመጽሐፍ ውስጥ ያላየኋት፣ ቤት ውስጥም ላለማየት ለምጄ ስለነበር ነው።

ባሊዎች ኜፒ የሚሉት ቀን አላቸው፤ የአዲስ ዓመታቸው መጀመሪያ ነው። ለ24 ሰዓት ሥራ የለም፣ መንገድ የለም፣ መብራት የለም። አውሮፕላን ማረፊያው ሳይቀር ይዘጋል። እንግዳውም ከሆቴሉ አይወጣም። አገር በሙሉ አንድ ላይ ዝም ይላል። ይህን ሳነብ በጣም ቀናሁ፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው የማይሠራበት ዕረፍት መስሎኝ። ግን እንግዳ የሞላበት ሆቴል በኜፒም ምሳ ያቀርባል። ምሳውን የሚሠራ ሰው ሆቴሉ ውስጥ አድሯል ማለት ነው።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከእንግዲህ ሲወጣ የማየው ይህን ነው፦ ወጥ ቤቱን ያሳየኛል ወይ? ደራሲዋ ዳነች አልዳነች ብዬ አልጨነቅም፣ ትዳን። እኔ ማንበብ የምፈልገው ቱቲ ከሆቴሉ ግንባታ ላይ ያነሳቻት ሰማያዊ ንጣፍ በመጨረሻ የት እንደተነጠፈች ነው። በእንግዳዋ ብዕር ሳይሆን በቱቲ።