ተውሳኩ 11፣ ቀኑ ያልታወቀ

የባሕረ ሐሳብ፣ የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ ስሌት፣ ተማሪ ደብረ ዘይት መቼ እንደሚውል ለማወቅ ሰማይ አያይም። የዓመቱን መነሻ ቁጥር፣ መባጃ ሐመሩን፣ ይይዛል፣ የደብረ ዘይትን ተውሳክ (ተጨማሪ ቁጥር) 11 ይጨምርበታል፣ ከ30 ካለፈ 30ውን ይገድፋል፤ አለቀ። ለ2019 ዓ.ም. ብናወጣው መጥቅዑ 7 ነው። ጥቅምት 7 ቅዳሜ ይውላል፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ሲጨመርበት መባጃ ሐመሩ 15 ይሆናል። 15 እና 11፣ 26። ስለዚህ ደብረ ዘይት መጋቢት 26 ይውላል። ጎበዝ ተማሪ ይህን ብዕር ሳያነሳ በቃሉ ይጨርሰዋል።

የሚገርመው የበዓሉ ጉዳይ ነው። በደብረ ዘይት የሚታሰበው የጌታ ዳግመኛ መምጣት ነው። የዕለቱ ወንጌል፣ ማቴዎስ 24፣ ያንን ቀን ከአብ በቀር የሰማይ መላእክት እንኳ እንደማያውቁት ይናገራል። ቤተ ክርስቲያን እንግዲህ ማንም የማያውቀውን ቀን፣ በየዓመቱ ቀን ቆርጣ ታከብረዋለች ማለት ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት ይጋጫል። እኔ ግን ስለ ዳግም ምጽአት ከሰማኋቸው ስብከቶች ሁሉ ይልቅ ይህ የቀን አቀማመጥ ብዙ ያስተምራል ባይ ነኝ።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሰኞ ይገባል። ደብረ ዘይት የሚውለው በ28ኛው ቀን፣ ከጾሙ መግቢያ ዋዜማ ሲቆጠር በአምስተኛው እሑድ ነው። ከፊቱ 27 ቀን፣ ከኋላው 27 ቀን አለ። «እኩለ ጾም» የሚለው ስያሜው እንዲያው በግምት የወጣ አይደለም፤ ልክ መሐሉ ነው። የዓለምን ፍጻሜ በጾሙ ፍጻሜ ላይ ማስቀመጥ የሚቀል ይመስላል፤ ልብ የሚያስደነግጥ መደምደሚያ ይሆን ነበር። ሥርዓቱ ግን መሐል ላይ አደረገው። ምእመኑ ስለ መጨረሻው ሰምቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ የቀረው ሥራ ገና ግማሹ ነው፤ ሰኞ ይነሳል፣ ይጾማል፣ ሥራውን ይሠራል።

የዕለቱን ምንባብም ልብ ብሎ ላየው ያው ነው። ከጳውሎስ መልእክት የሚነበበው 1ኛ ተሰሎንቄ 4፣ ከቁጥር 13 ጀምሮ ነው፤ ስላንቀላፉት፣ ስለ መለከቱ፣ ጌታን በአየር ስለ መቀበል። ሁለት ቁጥር ብቻ ከፍ ቢባል፣ ቁጥር 11 ላይ፣ ሐዋርያው ተሰሎንቄዎችን በጸጥታ እንዲኖሩ፣ በገዛ እጃቸው እንዲሠሩ ሲመክራቸው እናገኘዋለን። ምክሩና መለከቱ የተጻፉት ለአንድ ሰፈር ሰዎች ነው። ከእነርሱ መሐል ሥራ የፈቱ ስለነበሩም በሁለተኛው መልእክት ቆጣ ብሎ ተመልሶበታል።

ከደብረ ዘይት ቀጥሎ የሚመጣው እሑድ ገብር ኄር ነው፤ ወንጌሉ ከማቴዎስ 25፣ ቁጥር 14 ጀምሮ ያለው የመክሊቱ ታሪክ ነው። በሁለቱ እሑዶች ምንባብ መካከል፣ ወንጌሉ ውስጥ፣ የዐሥሩ ቆነጃጅት ምሳሌ አለ። ይህ ምሳሌ ብዙ ጊዜ «አትተኙ» ተብሎ ሲሰበክ ሰምቻለሁ። ታሪኩ ግን እንዲያ አይደለም፤ ሙሽራው ሲዘገይ ዐሥሩም ተኝተዋል፤ ልባሞቹም ጭምር። አምስቱን ከደጅ ያስቀራቸው እንቅልፉ አይደለም፤ ዘይቱ ነው። ዮሐንስ አፈወርቅ ዘይቱን ምጽዋት ብሎ ተርጉሞታል፤ ለሰው የተደረገ በጎነት፣ በእኩለ ሌሊት ከጎረቤት የማይበደሩት። በዚህ ትርጓሜ የተዘጋጀ ሰው እንቅልፍ አያስፈራውም፤ የሚያስፈልገው ቀን ላይ ተሞልቶ አድሯልና።

ቋንቋችንም ይህን የሚያውቅ ይመስለኛል። በግዕዝ «ተግሀ» ማለት በዋናነት ነቅቶ ማደር፣ መጠበቅ ነው። ወደ አማርኛ ሲገባ «ትጋት» ሆነ፤ «ትጉህ ገበሬ»፣ «ትጉህ ተማሪ» ስንል ስለ እንቅልፍ የሚያስብ የለም፤ ስለ ሥራ ነው። መንቃት ወደ መሥራት ተሸጋገረ። ለዚህ ሽግግር ገብር ኄር ምክንያቱ ነው ብዬ ለማስረዳት አልሞክርም፤ ግን የሁለቱ እሑዶች ቅደም ተከተል በአንድ ቃል ውስጥ ተጨምቆ መገኘቱ ያስደስተኛል።

ይህ ሁሉ እያለ በየቤቱ የሚነገረው ሌላ ነው። ልጅ ለሽማግሌ ሲመልስ፣ ወንድም ወንድሙን ሲከስ፣ የመጨረሻው ዘመን ገባ ለማለት «ስምንተኛው ሺህ!» ይባላል። አባባሉ ከስሌት የመጣ ነው። ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት ተብሎ ስለሚቆጠር ሰባተኛው ሺህ የሞላው በ1500 ዓ.ም.፣ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን መባቻ ነው። ከግራኝ አሕመድ ጦርነት በፊት የገባው ስምንተኛው ሺህ ዛሬም አለ፤ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ በዩቲዩብ የየሳምንቱን የመሬት መንቀጥቀጥ እየቆጠሩ የሚሰብኩ ወንድሞች ይህን ቢያስታውሱ፣ ወይም ያው ማቴዎስ 24 ጦርነትና ረኃብ የምጥ መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው እንዳልሆነ የሚናገርበትን ቢያነቡ፣ ድምፃቸው ትንሽ ዝቅ ይል ነበር። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ አባባሉ ሰበብ መሆኑ ነው። ጥፋቱን ዘመኑ ከወሰደው ልጁን የሚቀጣው፣ ወንድሙን የሚያስታርቀው ማን ነው?

ሩሲያውያንም በዚሁ የሺህ ቆጠራ ተፈትነዋል። በእነርሱ አቆጣጠር 7000 ዓመተ ዓለም የሞላው እ.ኤ.አ. በ1492 ነበር፤ የፋሲካ ሠንጠረዣቸውም እዚያው ያበቃ ነበር። ዓመቱ በሰላም አለፈ፤ የሞስኮው ሜትሮፖሊታን ዞሲማ ለቀጣዩ ሺህ አዲስ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ነበረበት። የእኛ ባሕረ ሐሳብ ቀመር እንጂ ማብቂያ ያለው ሠንጠረዥ አይደለም። ዐቢይ ቀመሩ 532 ዓመት ነው፤ ሲሞላ እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

እርግጥ ነው፣ ወጋችን ሁሉ እንዲህ የተረጋጋ ነበር ማለት አይቻልም። ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው የትንቢት መጽሐፍ በኋላ ዘመን ከምሥራቅ የሚነሣ ቴዎድሮስ የተባለ ጻድቅ ንጉሥ ይነግሣል ይላል፤ ቋረኛው ካሣ ኃይሉም በ1847 ዓ.ም. ሲነግሥ የመረጠው ይህንኑ ስም ነው። የፍጻሜ ተስፋ ዙፋን ላይ ሰው አስቀምጦ ያውቃል። ግን ይህ የነጋሪትና የአደባባይ መንገድ ነው፤ ጓዳው ሌላ መንገድ ነበረው።

አያቴ «ስምንተኛው ሺህ» ማለት ታበዛ ነበር። ሆኖም ከደብረ ዘይት በፊት ባለው ቅዳሜ የተዋሰችውን ሁሉ በእኔ እጅ ትልክ ነበር፤ የጎረቤትን ወንፊት ዱቄቱን አራግፋ፣ የተበደረችውን አንድ ስኒ ጨው አትረፍርፋ። አንዴ ወንፊቱን «ለነገም እኮ ያስፈልገናል» ብዬ ብከራከር፣ «የሰው ዕቃ ይዤ አልገኝም፤ ሰኞ መልሰሽ ትዋሺያለሽ» አለችኝ። ሰኞም ሄጄ ተዋስኩ።

ያቺ «ሰኞ» የምትለው ቃል ስለ ዳግም ምጽአት ካነበብኳቸው መጻሕፍት በብዙዎቹ ውስጥ የለችም። የጾሙ ሥርዓት ግን ያውቃታል። በ2019 ዓ.ም. ደብረ ዘይት መጋቢት 26 ከዋለ፣ ገብር ኄር ሚያዝያ 3 ነው።