ነገረ መለኮት ከአጥሩ ውጭ፦ ስለ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የቀረበ ሂስ

ከፍተኛ የትምህርት ተቋም ዕውቀቱን በግቢው ውስጥ ይዞ መቀመጥ እንደማይገባው፣ ለአካባቢው ሕዝብም ማካፈል እንዳለበት የሚናገረው ሐሳብ በኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ተሠማርተው፣ ይልቁንም በመምህርነት፣ እንዲያገለግሉ ያስገድድ ነበር። የእርሻ ትምህርት ወደ ገበሬው የሚወጣበት መንገድ አለው፤ የሕክምና ትምህርትም ጤና ጣቢያ አለው። የሃይማኖት ትምህርት የሚሰጡ ከፍተኛ ተቋማትስ ወደ ተማሪውና ወደ ሕዝቡ የሚወጡት በምን መንገድ ነው? ሲወጡስ የሚደርሱት ለማን ነው? ጥያቄው ለካህናትና ለቃዲዎች ብቻ የሚተው አይደለም። አዲስ አበባን በከበቡት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከተሞች የልዩ ልዩ እምነት ልጆች በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚማሩ ስለ ሆነ፣ መልሱ በቀጥታ የሚነካው የክፍሉን መምህር ነው።

ነገሩ ከየት እንደ ተነሣ ማስታወስ ይጠቅማል። በ1943 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉስየን ማት ይመራ ነበር፤ ኢየሱሳውያኑ ግን የካህን ልብሳቸውን ትተው፣ እምነታቸውን እንዳይሰብኩ ተስማምተው ነበር ያስተማሩት። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ ደግሞ የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ ከሌሎቹ ፋኩልቲዎች ጎን እንደ አንድ ክፍል ተቆጠረ። በዚያ ዘመን ነገረ መለኮት ከሕግና ከምሕንድስና ጋር በአንድ ዩኒቨርሲቲ ጣሪያ ሥር ነበር ማለት ነው። ከአብዮቱ በኋላ ኮሌጁ ተዘጋ። በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ዳግመኛ ሲከፈት የቤተ ክርስቲያኒቱ እንጂ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አካል አልነበረም። ዛሬ ራሱ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ይጠራል። በ1953 ዓ.ም. የተከፈተው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናርም እንዲሁ የራሱን ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ያሠለጥናል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ሃይማኖት በታሪክ፣ በሥነ ልሳንና በማኅበራዊ ሳይንስ ጥናቶች ውስጥ ተበታትኖ ይገኛል እንጂ፣ ለትምህርት ቤቶች መምህራን የሚተርፍ ራሱን የቻለ ዕውቀት ሆኖ አልተደራጀም። መለያየቱ ለሁለቱም ወገን ነፃነት ሰጥቷል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን መምህሩ ከሁለቱም ውጭ ቀርቷል።

የነባሩ ትምህርት አሠራር ከዚህ ጋር ቢነጻጸር የሚያስደንቅ ልዩነት ይታያል። የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን በትከሻው፣ ዱላውን በእጁ ይዞ፣ ውሻ እየተከላከለ በየደጁ ይለምን ነበር። ልመናው ለሆዱ ብቻ እንዳልነበረ ልብ ሊባል ይገባል። የቤቱ እመቤት ቁራሹን ስትሰጥ ተማሪው ከማን ጉባኤ እንደ ሆነ፣ ከንባብ ወደ ዜማ፣ ከዜማ ወደ ቅኔ መድረሱን ትጠይቃለች። ተማሪውም የማን ቤት እንደ ደኸየ፣ የማን ቤት ሐዘን እንደ ገባበት ያውቃል። በወሎ የሚገኘው ደረሳም ከመንደሩ ሕዝብ ጋር በተመሳሳይ ገመድ የታሰረ ነበር፤ ሕዝቡ ደረሳውን ይመግባል፣ ሼሁ ሕዝቡን ያስተምራል። እንግዲህ ትምህርት ቤቱ ወደ ሕዝቡ የሚወጣበት ልዩ ፕሮግራም አላስፈለገውም፤ በየቀኑ ይወጣ ነበርና። ይህን ዘመን እንደ ወርቅ ዘመን መቁጠር ስሕተት ነው። ረኃቡ፣ ተስቦውና እከኩ የብዙ ልጆችን ዕድሜ ቀጥፏል፤ ሴቶች ልጆች በአብዛኛው ከደጅ ቀርተዋል። ዘመናዊው ኮሌጅ ተማሪውን ከዚህ ሥቃይ አውጥቶ መኝታና ምግብ ሲሰጠው መልካም አድርጓል። ያላሰበበት ነገር ቢኖር ልመናው ሲቀር አብሮት የቀረውን ትውውቅ በምን እንደሚተካው ነው። ሰባኪ መላክና ዓመታዊ ጉባኤ ማዘጋጀት ምትክ ሊሆኑ አልቻሉም። ሰባኪ ይናገራል፤ ለማኙ ተማሪ ግን ይሰማም ነበር።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በሚመለከት የተሠራው ሥራ የበለጠ ፍሬ አሳይቷል። አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ ባቋቋሙት የካህናት ማሠልጠኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በክረምት እየሰበሰቡ ማስተማራቸው፣ የሃይማኖት ትምህርት በግልጥ በማይወደድበት ዘመን የተደረገ ድፍረት ነው። ጳጳሱ በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ቢያርፉም፣ ከዚያ የወጡት ወጣቶች በብላቴ ማሠልጠኛ ከተገናኙት ጋር ሆነው በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳንን መሠረቱ፤ በየዩኒቨርሲቲው የሚገኙት ግቢ ጉባኤያትም በዚሁ ሥር ተደራጁ። በወንጌላውያኑ በኩል ኢቫሱ፣ በሙስሊም ተማሪዎች በኩል ጀማዓው ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣሉ። ከቤተሰቡ ርቆ ወደማያውቀው ከተማ ለተመደበ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት እነዚህ ማኅበራት መጠለያ እንደ ሆኑት አስተማሪ ሁሉ ያውቃል። ሲታመም የሚጠይቁት፣ ገንዘብ ሲያልቅበት የሚያዋጡለት እነርሱ ናቸው።

ሂሱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ወጣቱ አራት ዓመት ስለ ራሱ እምነት በሚገባ ተምሮ፣ ስለ ጎረቤቱ እምነት አንዲት ሰዓት እንኳ ሳይማር ይመረቃል። አንዳንድ ጊዜ የሚማረው ክርክሩን ብቻ ነው፤ ማለትም የጎረቤቱን እምነት የሚያውቀው ሊረታው በሚችልበት በኩል ነው። ከዚያም መምህር ሆኖ ቡራዩ ይመደባል።

ሦስቱ ከተሞች ቅርበታቸው ለአዲስ አበባ፣ ኑሯቸው ግን የራሳቸው ነው። ሰበታ በጅማ መንገድ በወጨጫ ተራራ ግርጌ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ በገፈርሳ በኩል፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር ተጠቃልለው የሸገር ከተማ አካል ሆነዋል። ፋብሪካና የቤት ኪራይ ውድነት ከየአቅጣጫው ሰው ስላመጣባቸው፣ የኦሮሞው ገበሬ ልጅ፣ ከጉራጌና ከጋሞ የመጣው የነጋዴና የሸማኔ ልጅ፣ ከጎጃምና ከወሎ የመጣው የቀን ሠራተኛ ልጅ በአንድ ትምህርት ቤት ይገናኛሉ። ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ጴንጤው፣ ዋቄፈታውም ያው በዚያ ነው። መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የደረሰው ግድያና መፈናቀል፣ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ከመስጊዶች መፍረስ ጋር ተያይዞ የተነሣው ቁጣ፣ ይህ መገናኘት በራሱ መተዋወቅ እንደማይሆን በከባድ ዋጋ አሳይተዋል። የመጀመሪያው የብሔር፣ ሁለተኛው የቦታና የፕላን ጉዳይ ነው ቢባል እንኳ፣ በማግሥቱ ልጆቹን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ማስተማር የነበረበት መምህሩ ነው።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የቋንቋው ነገር ነው። በእነዚህ ከተሞች በኦሮምኛ የሚማረው ልጅ ፊደል የሚቆጥረው በቁቤ ነው። የነገረ መለኮት ኮሌጆቹ የማስተማሪያ ቋንቋ ግን በአመዛኙ አማርኛ፣ ግዕዝና እንግሊዝኛ ሆኖ ቆይቷል። ከአራት ኪሎ ወደ ሱሉልታ የሚወጣ ምሩቅ የእንጦጦን ዳገት ሲያልፍ የልጁን ቋንቋ ካላወቀ፣ ትምህርቱ ዳገቱን አላለፈም ማለት ይቻላል። በዚህ ረገድ ቀደምት አርኣያ አልጠፋም። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ገኖ ጋር ሆኖ የተረጎመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1891 ዓ.ም. ገደማ ታትሟል። በሌላ በኩል በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ማዘዙ፣ በሌላ ቋንቋ ማስተማርን ለብዙ ዘመን የሚያስጠረጥር ነገር አድርጎት ኖሯል። በጥር 2015 ዓ.ም. በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተነሣው ከባድ ውዝግብም በሕዝቡ ቋንቋ ስለ ማገልገል ከሚነሣው ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ ስለ ሹመቱ ቀኖና የሰጠችው መልስ የራሷ ነው፤ የትምህርት ባለሙያ የሚፈርድበት አይደለም። የትምህርት ባለሙያ ሊል የሚችለው፣ ቋንቋው የተጓደለበት ትምህርት የቱንም ያህል ጥልቅ ቢሆን ወደ ተማሪው እንደማይደርስ ነው፤ ይህንም ለማወቅ ውዝግብ መጠበቅ አያስፈልግም ነበር።

መምህሩ ግን ስለ ሃይማኖት አፉን እንዳይከፍት ሕግ ከልክሎታል የሚሉ አሉ። ሕጉ በትክክል ይነበብ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 27 ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብት እንዳላቸው፣ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንደሚሰጥ ይደነግጋል። የተከለከለው ተጽዕኖ እንጂ ዕውቀት አይደለም። የንጉሡ ዘመን ግብረ ገብ የአንዱን እምነት ትምህርት ለሁሉ ልጅ ይሰጥ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ አብዮቱ እርሱን አንሥቶ የፖለቲካ ትምህርት ተካበት። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ ለታችኞቹ ክፍሎች ተመልሷል። ከቀድሞው ስሕተት የሚያድነው ግን ዝምታ አይደለም። የሚያድነው ሃይማኖትን በማስተማርና ስለ ሃይማኖት በማስተማር መካከል ያለውን ልዩነት የሚያውቅ መምህር ነው።

ይህ ልዩነት በሌላው ዓለም ተሞክሯል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1963 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ ቅዱስን እንደ ጸሎት ማንበብን ሲከለክል፣ ስለ ሃይማኖት በዕውቀትነቱ ማስተማርን አለመከልከሉን በዚያው ፍርድ ገልጿል። ለኢትዮጵያ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የእንግሊዙ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. በፕሮፌሰር ኒንያን ስማርት መሪነት የተቋቋመው የሃይማኖት ጥናት ክፍል የሰባኪ ማሠልጠኛ አልነበረም፤ ልዩ ልዩ ሃይማኖቶችን ጎን ለጎን ያጠና ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ወዲያው ወደ ትምህርት ቤቶች መውጣቱ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. የታተመው የትምህርት ቤቶች ምክር ቤት የሥራ ጽሑፍ ቁጥር 36 ከዚያ የፈለቀ ሲሆን፣ በእንግሊዝ የሃይማኖት ትምህርት አሰጣጥ ላይ ትልቅ ለውጥ አምጥቷል። ዩኒቨርሲቲው ወደ ሕዝብ ሲወጣ የመረጠው በር የመምህሩ በር ነበር። በርግጥ እንግሊዝ የሃይማኖት ትምህርትን በሕግ ያስገደደች አገር ናት፤ እንዳለ መቅዳት አይቻልም። በሩን መምረጡ ግን ሊቀዳ ይችላል።

መምህሩ ምን ያህል ማወቅ ይኖርበታል? ሊቅ መሆን አይጠበቅበትም። የረመዳን ወር በየዓመቱ ወደ አሥራ አንድ ቀን ያህል እየቀደመ እንደሚመጣ ቢያውቅ፣ የሰውነት ማጎልመሻውን ሰዓት ወደ ጧት ያዛውራል፤ ልጅቱ በሜዳ ላይ ስትዝል ሰነፍ አይላትም። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ እንደሚጾም ቢያውቅ፣ ስለ ተመጣጠነ ምግብ ሲያስተምር ምሳሌውን በሥጋና በእንቁላል ብቻ አያደርግም። ሦስቱ የሙስሊም በዓላት በመንግሥት የታወቁት ከሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ታላቅ ሰልፍ በኋላ መሆኑን ቢያውቅ፣ ልጆቹ የቀን መቁጠሪያው ራሱ ታሪክ እንዳለው ይረዳሉ። ኢሬቻ በመስከረም መጨረሻ የሚከበርበትን ምክንያት፣ ማለትም ክረምቱ በሰላም ስላለፈ የሚቀርብ ምስጋና መሆኑን ቢያውቅ፣ ዋቄፈታውን ልጅ እንግዳ አያደርገውም። ይህን ዕውቀት ዛሬ መምህሩ የሚያገኘው ከሰፈር ወሬ ነው። ኮሌጆቹ ግን ሊቃውንቱም መጻሕፍቱም አሏቸው።

ሰበታ ለዚህ ሥራ ከሌሎቹ የተሻለ መነሻ ነው። ለልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህራን የሚሠለጥኑበት ኮሌጅና የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ እዚያ ይገኛሉ። የጌቴሴማኒ ገዳም መነኮሳይያት ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ሲያሳድጉ የኖሩትም እዚያው ነው። የመካነ ኢየሱስ ሴሚናርም ወደ ሰበታ በሚወስደው አቅጣጫ በመካኒሳ ነው። የኦርቶዶክሱ፣ የወንጌላዊውና የሙስሊሙ ተቋም አንዳንድ መምህር ቢመድቡ፣ ዋቄፈታን የሚያውቁ አዛውንትም ቢጨመሩ፣ በክረምቱ ሥልጠና ሁለት ሳምንት ይበቃል። እያንዳንዱ ስለ ራሱ እምነት ይናገራል፤ ስለ ሌላው እንዳይናገር ይታዘዛል። የሚዘጋጀው የመምህሩ መምሪያ በኦሮምኛና በአማርኛ ይሆናል፤ ከመታተሙ በፊትም የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ ሰባኪ ሰባኪ የሚሸተውን ዐረፍተ ነገር ሁሉ ይሰርዛል። ያልተቆረጠው ነገር ወጪው ከማን በጀት እንደሚወጣና፣ ከሦስቱ ተቋማት ስም ማንኛው በሽፋኑ ላይ አስቀድሞ እንደሚጻፍ ነው።