ምጥ በሕመም ይፈታልን?

ስለ ወሊድ የሚጻፉና የሚተረጐሙ የሕክምና ጽሑፎችን ስንመረምር፣ በምጥ ጊዜ አንጎል በህብለ ሰረሰር በኩል ማሕፀንን «ያዛል» የሚል አገላለጽ ደጋግሞ ያጋጥመናል። ሰዋስዉ እንከን የለበትም፤ ቃላቱም የተለመዱ ናቸው። የምንነቅፈው ግሡን ነው። እጅና እግርን በሚመለከት ግሡ ተገቢ ነው፤ ህብለ ሰረሰሩ የተቆረጠ ሰው ከጕዳቱ በታች ያለውን አካሉን በፈቃዱ ማንቀሳቀስ ይሳነዋልና። ማሕፀን ግን ጡንቻው በራሱ የሚኮማተር አካል በመሆኑ፣ ህብለ ሰረሰሯ ፈጽሞ የተጐዳ ሴት እንኳ ምጥ ይይዛታል፤ ያለ ቀዶ ሕክምናም ልትወልድ ትችላለች።

የአንጎል ድርሻ ሌላ ነው። ጄምስ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1941 የገለጸውና በስሙ የሚጠራው ሪፍሌክስ ይህንኑ ያስረዳል። የሕፃኑ ራስ የማሕፀንን አንገት ሲለጥጠው መልእክቱ በነርቮችና በህብለ ሰረሰር ወደ አንጎል ይወጣል፤ በሃይፖታላመስ የተሠራው ኦክሲቶሲን ከፒቱታሪ ዕጢ ወደ ደም ይለቀቃል፤ ማሕፀንም ይበልጥ ይኮማተራል። መልእክቱ በነርቭ ይሄዳል፣ መልሱ በደም ይመጣል። እንግዲህ «ያዛል» በሚለው ላይ አንዲት ፊደል ጨምሮ «ያግዛል» ማለት ስሕተቱን ያርመዋል። ሪፍሌክስን «ደመ ነፍሳዊ ምላሽ» የሚሉም አሉ፤ ደመ ነፍስ ግን ሌላ ጽንሰ ሐሳብ ነው። «የነርቭ ምላሽ» ቢባልም መልሱ በደም የሚመጣበትን ይህን ሂደት አይገልጸውም፤ ስለዚህ የውጭውን ቃል እንዳለ መያዙን እንመርጣለን።

ከዚህ የሚከብደው የ«ምጥ» ፍች ነው። ቃሉን «የወሊድ ሕመም» ብሎ መፍታት ቀላል ይመስላል። ሆኖም ሕመሙ ወደ አንጎል የሚደርሰው በህብለ ሰረሰር ነው፦ በመጀመሪያው የምጥ ደረጃ ከ10ኛው የደረት ነርቭ እስከ 1ኛው የወገብ ነርቭ ባሉት፣ ሕፃኑ ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ ከ2ኛው እስከ 4ኛው የዳሌ ነርቭ ባሉት በኩል ይገባል። ከዚህ በላይ ህብለ ሰረሰሯ የተጐዳ ሴት ምጥ ይዟት ሳለ ሕመሙ ላይሰማት ይችላል። ጕዳቱ ከ6ኛው የደረት ነርቭ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የምጡ ምልክት ድንገት የሚያሻቅብ የደም ግፊት፣ ብርቱ ራስ ምታትና ላብ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። «ሕመም ሲጀምርሽ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ» የሚል በራሪ ወረቀት እንዲህ ያለችውን እናት ቤቷ ያስቀራታል። ወረቀቱን የጻፈው ሰው የተከተለው ደግሞ የእኛኑ የመዝገበ ቃላት ፍች ነው።

ይህን ስንል ቃሉ ይለወጥ ማለታችን አይደለም፤ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ይሆንብናል። «ምጥ ያዛት»፣ «ምጡ ጠናባት» የሚለው ንግግር እንደተከበረ ይኑር። የምንጠይቀው በመዝገቡ ውስጥ ሥራው ከሕመሙ እንዲቀድም ነው፦ «ምጥ፦ ማሕፀን በየጊዜው እየተኮማተረ አንገቱን የሚከፍትበትና ሕፃኑን የሚያወጣበት ሂደት፤ አብዛኛውን ጊዜ ሕመም ያለው።» በዚህ ፍች መሠረት የወገብ ማደንዘዣ የተሰጣት ወላድ «ሕመሟ ጠፋ» እንጂ «ምጧ ጠፋ» አይባልም። ማደንዘዣውንም «የህብለ ሰረሰር መርፌ» ማለት ያለ ምክንያት ያስፈራል፤ በዐዋቂ ሰው ህብለ ሰረሰር በ1ኛውና በ2ኛው የወገብ አከርካሪ አካባቢ ያበቃል፣ መርፌው ግን ከዚያ በታች ነው የሚገባው።

«አማጠች» ለሚለው ግሥ ግን ሁለት ፍች ያስፈልገዋል። አንደኛው ምጥ ላይ መሆን ነው። ሁለተኛው አዋላጇ «ግፊ» ስትላት እናቲቱ ትንፋሿን ይዛ በሆዷ ጡንቻዎች የምታደርገው ግፊት ነው፤ «አንጎል ያዛል» የሚለው አነጋገር ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ህብለ ሰረሰሯ ከፍ ብሎ የተጐዳ ሴት በመጀመሪያው ፍች ታምጣለች፣ በሁለተኛው ግን ማማጥ ሊሳናት ስለሚችል ሕፃኑን በመሣሪያ ማገዝ ሊያስፈልግ ይችላል።