ሳያሳፍሩ መጠየቅ

«ጋሼ፣ መድኃኒቱ የታዘዘው ለሁለት ሰው ነው፤ አንዳችሁ ብቻ ከወሰዳችሁት ብላሽ ሆኖ ይቀራል።»

ከአንኮበር ቁልቁለት በአንዱ ቀበሌ የምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ሚስት ታክማ ባል በቀረ ጊዜ ምን እንደምትል ብጠይቃት የነገረችኝ ይህንን ነው። ለባል የሚነገረው ሚስት ከፈቀደች ብቻ እንደሆነም አስረግጣ ነግራኛለች። እስኪ በንግግሯ ውስጥ የሌለውን እንመልከት። የበሽታው ስም የለም። «ከየት መጣ?» የሚለውን ጥያቄ የሚቀሰቅስ አንድም ቃል የለም። በዳይና ተበዳይ የለም፤ ወሬው ሁሉ ስለ መድኃኒቱ ነው። መጨረሻ ላይ የገባችው «ብላሽ» ደግሞ በዘፈቀደ አልገባችም። እህል መሬት ላይ ሲፈስ አይቶ ማለፍ የማይሆንለት ገበሬ መድኃኒት ሲባክንም ይቆጨዋል። ሰውየው ክብራቸው ሳይነካ እሺ የሚሉበት በር ተከፍቶላቸዋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለጨዋነት ብቻ አይደለም። ጨብጥ ወይም ቂጥኝ የያዛት ሴት ድና ባሏ ሳይታከም ከቀረ በሽታው ተመልሶ ይይዛታል። ባልየው በነገሩ ተቆጥቶ ቤት ከፈረሰ ደግሞ ወሬው በመንደሩ ይዛመታል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሴት ምልክት ብታይ ጤና ኬላ ደጅ አትደርስም። አንድ የተበላሸ ዓረፍተ ነገር የዓመት ሥራ ያጠፋል።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም ሲጀመር ለየገጠር ቀበሌው፣ ማለትም ለ5,000 ያህል ሰው፣ 10ኛ ክፍል የጨረሱና አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሁለት ሴቶች እንዲመደቡ ተወሰነ። ከፕሮግራሙ 16 የሥራ ፓኬጆች አንዱ ኤች አይ ቪንና ሌሎች የአባላዘር በሽታዎችን መከላከል ነበር። በወረቀት ላይ ከሌሎቹ ጋር እኩል የተሰለፈ ርዕስ ነው፤ መንደር ሲወርድ ግን አይተካከልም። ክትባትን በቤተ ክርስቲያን ደጅ በድምፅ ማጉያ ማወጅ ይቻላል። ይኼኛው ግን በጆሮ የሚነገር ነው።

አካባቢውም ሥራውን አያቀልም። ደብረ ብርሃን በአዲስ አበባና በደሴ መካከል ያለች የመኪና መንገድ ከተማ ናት። የብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የቆየ ነው፤ በ2011 ዓ.ም ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተጨምሮላታል። ከገጠር ወጥቶ እዚያ የሚሠራ ወጣት ለበዓል ወደ ወላጆቹ ይመለሳል። አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን አገሩ ከብርዳማው ተራራ ጫፍ ወደ አልዩ አምባ ቆላ ይወርዳል፣ ቤቶቹም በየገደሉ አፋፍ ተበታትነዋል። ባለሙያዋ ይህን በእግሯ ነው የምትዞረው። የፕሮግራሙ የመጀመሪያ መመሪያ ከሥራ ጊዜዋ ሦስት አራተኛውን ቤት ለቤት እንድታሳልፍ ይጠይቅ ነበር።

አዟዟሯ ራሱ ሙያ ነው። የታመመች ሴት ያለችበት ቤት ብቻ ገብታ ብትመለስ ሳይመሽ መንደሩ ያውቃል። ስለዚህ ከላይኛው ቤት ጀምራ እስከ ታችኛው ሁሉንም ታዳርሳለች፤ እዚህ የክትባት ካርድ ታያለች፣ እዚያ ስለ ውኃ ማስቀመጫ ትጠይቃለች። ወደሚፈለገው ቤት ስትደርስ አማት ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ቡና እየተፈላ ነው። እዚያ ላይ ስለ ፈሳሽና ስለ ማቃጠል አይጠየቅም። «እታለም፣ እስኪ መጸዳጃ ቤታችሁን አሳዪኝ» ትላለች። የመጸዳጃ ቤት ቁጥጥር ከፓኬጆቹ አንዱ ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም፤ ሁለቱ ሴቶች ከጓሮ ብቻቸውን ይቆማሉ። ጥያቄው የሚመጣው ያኔ ነው፤ እሱም ቢሆን በዙሪያው ነው፦ «አንዳንድ እናቶች ሽንት ሲሸኑ ያቃጥለናል ይላሉ፤ አንቺስ ደህና ነሽ?» ፕሮግራሙን በአዲስ አበባ የነደፉት ሰዎች መጸዳጃ ቤት ለዚህ ይጠቅማል ብለው እንዳላሰቡ እገምታለሁ።

ከወንዶች ጋር ሌላ ፈተና አለ። ጨብጥ ጨረቃ ላይ ከመሽናት ይመጣል የሚለው እምነት በገጠሩ የቆየ ነው። ጀማሪ ባለሙያ ይህን ስትሰማ ትስቃለች፣ ወይም ተቆጥታ ታስተምራለች። የበሰለችው ግን እምነቱ ምን እንደሚሠራ ታውቃለች፤ ሰውየው ማንንም ሳይወነጅል ታምሜአለሁ የሚልበት መሸሸጊያ ነው። አታጸድቀውም፣ ምክንያቱም ሐሰት ነው፤ አታፈርሰውምም። «ጨረቃዋን እንተዋትና ከሰው ወደ ሰው እንዳይሄድ እናድርገው» ብላ ታልፋለች። መተላለፉ ተነገረ፤ የተዋረደ ግን የለም።

«እስካሁን ምን ሞከራችሁ?» የሚለውንም አትዘለውም። የዕፅዋት ተመራማሪዎች በአንኮበር ወረዳ ሕዝቡ ለሰው ሕመም የሚጠቀምባቸውን 135 ዓይነት መድኃኒት ተክሎች መዝግበዋል። እንዲህ ባለ አገር ጤና ጣቢያ የመጀመሪያው ደጅ አይሆንም፤ ሥር ተቀምሶ፣ ጠበል ተጠምቆ ነው የሚመጣው። ጠበሉን ተዉ ማለት ሰውን መግፋት ነው። ጠበሉም ይቀጥል፣ መርፌውም አይቅር ማለት ይበቃል።

ከዚህ በኋላ የሪፈር ወረቀቱ ተጽፎ፣ ታማሚዋ ጤና ጣቢያ ሄዳ ከነርስ ፊት ትቀርባለች። እዚያ ያለው የሕክምና ሰንጠረዥም በጥበብ የተሠራ ነው። የላቦራቶሪ ውጤት አይጠብቅም፤ ከሕመሙ ምልክት ይነሣል። ፈሳሽ የሚወጣው ወንድ ጨብጥም ይሁን ክላሚዲያ ሳይለይ በዚያው ቀን ለሁለቱም ይታከማል፤ ሦስት ሰዓት በእግሩ የመጣ ሰው ለውጤት ብሎ በማግሥቱ ላይመለስ ይችላልና። ነገር ግን ምስጋናዬ ልክ አለው። ሰንጠረዡ የሚያየው ምልክት ያለውን ብቻ ነው። በዓለም ላይ በየቀኑ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ሊድኑ በሚችሉ የአባላዘር በሽታዎች እንደሚያዙ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል፤ አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም። የሴት ፈሳሽም ብዙ ጊዜ ከአባላዘር በሽታ ጋር አይገናኝም፤ ሰንጠረዡ በዚህ በኩል ደካማ ነው፤ ዋጋውንም ያለ ጥፋቷ የምትጠረጠር ሴት ትከፍላለች። የባለሙያዋ የቃላት ጥንቃቄ የወረቀቱን ጉድለት ጭምር ይሸፍናል።

ለእኔ ከሁሉ የሚልቀው ሥራ ግን ጥያቄ እንኳ የማያስፈልገው ነው። ሕፃን ሲወለድ ዓይኑ ላይ የቴትራሳይክሊን ቅባት ይደረግለታል። የታችኛውን ሽፋን በቀስታ ወደ ታች መሳብ፣ የቱቦው ጫፍ ዓይኑን ሳይነካ ከአፍንጫ ወደ ጆሮ በኩል በቀጭኑ ማስመር፣ ከዚያም አለመጥረግ ነው። እናት የምታውቀው ለዓይኑ ደግ መሆኑን ነው። የቅባቱ ነገር የተጀመረው ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ክሬዴ በላይፕሲግ ከተማ፣ ፈረንጆች 1880 በሚሉት ዓመት፣ በአዲስ የተወለዱ ሕፃናት ዓይን የብር ናይትሬት ጠብታ በማድረጉ ነው፤ ከእናት የሚተላለፍ ጨብጥ ሕፃናቱን ያሳውር ነበርና። በእሱ ሆስፒታል ከ100 ሕፃናት 10 ያህሉን ይይዝ የነበረው የዓይን ሕመም ወደ 1 እንኳ ወደማይሞላ ወረደ። ብልሃቱ ለሁሉም ሕፃን መደረጉ ላይ ነው፤ ለሁሉም የሚደረግ ነገር ማንንም አያስጠረጥርም። በቅድመ ወሊድ ክትትል የሚደረገው የቂጥኝ ምርመራም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። ከጣት ወይም ከክንድ ጥቂት ደም ይወሰዳል፤ ቂጥኝ ከተገኘ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ጽንሱንም ያድናል። «ለምን እኔን መረጣችሁኝ?» የምትል ነፍሰ ጡር አትኖርም።

የወረዳ ሪፖርት ይህን ሁሉ አይመዘግብም። ስንት ሰው እንደተማረ፣ ስንት ኮንዶም እንደተሠራጨ ይቆጥራል፤ ስንቱ ባል በሰላም ታክሞ ትዳሩ እንደቆመ የሚጻፍበት ሳጥን የለውም። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ደግሞ የመድኃኒቱንም የእግር ጉዞውንም መንገድ አጥብቧል። ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች አንድ ልመና አለኝ። ይህ ሙያ በሥልጠና አዳራሽ ተቀምጦ አይለመድምና፣ አዲስ የምትመደበውን ባለሙያ ብቻዋን ወደ መንደር ከመላካችሁ በፊት ከነባሯ ጋር አብራ እንድትዞር አድርጉ፤ ነባሯ ሥራውን ሳትለቅ።