የቁልፉ ባለቤትና የጣቱ ባለቤት
ስለ ኤሌክትሮኒክ ፊርማ ዐዋጅ ቁጥር 1072/2010 የቀረበ ሒስ

ፊርማ በሕግ ፊት ዋጋ የሚያገኘው ስለ ሁለት ነገር በሚሰጠው ምስክርነት ነው። አንደኛው ጽሑፉ የማን እንደ ሆነ ነው፤ ሁለተኛው ፈራሚው በጽሑፉ ውስጥ ያለውን ዐውቆና ወድዶ የተቀበለው መሆኑ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ያያቸዋል። በቁጥር 1728 ተዋዋዩ በእጁ ጽሕፈት እንዲፈርም ካዘዘ በኋላ፥ መጻፍ የማይችል ሰው በፊርማው ፈንታ የጣቱን ምልክት እንዲያደርግ ይፈቅዳል። ወዲያውም የዕውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማ ወይም የጣት ምልክት፥ በሥራው ላይ ባለ ውል አዋዋይ፥ በመዝገብ ሹም ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ በቀር ሰውየውን እንደማያስገድደው ይደነግጋል። ጣቱ የራሱ መሆኑ ብቻውን አልበቃም፤ የፈረመውን ነገር ማወቁም ተፈለገ።

ከ58 ዓመት በኋላ፥ በ2010 ዓ.ም.፥ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ዐዋጅ ቁጥር 1072/2010 ታወጀ። ሁለት ዓመት ቈይቶም የኤሌክትሮኒክ ግብይት ዐዋጅ ቁጥር 1205/2012 ተከተለው። የመጀመሪያው ዐዋጅ በኮምፒዩተር የሚደረግ ፊርማ በሕግ ፊት እንዲታወቅ፥ የዲጂታል ፊርማ የምስክር ወረቀት የሚሰጡ ድርጅቶች እንዲኖሩ፥ ከእነርሱም በላይ የሁሉ ሥር የሆነ አንድ ባለሥልጣን እንዲቆም ያደርጋል። ይህ የሥርነት ሥልጣን የተሰጠው ዛሬ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ለሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልመረምር ያሰብሁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም አዲሱ ዐዋጅ ከሁለቱ ምስክርነቶች የመጀመሪያውን አጥብቆ ሲይዝ ሁለተኛውን የት አኖረው የሚል ነው።

ነገሩ እንግዳ ለሆነበት አንባቢ አሠራሩን በአጭሩ ልግለጽ። ፈራሚው ሁለት ቁልፎች አሉት። ቁልፍ የተባሉት በጣም ረጃጅም ቁጥሮች ናቸው፤ አንዱ ለማንም የሚታይ ይፋ ቁልፍ ነው፥ ሌላው ተሰውሮ የሚኖር የግል ቁልፍ ነው። ከሚታየው ተነሥቶ የተሰወረውን አስልቶ ማግኘት በተግባር እንዳይቻል ሆነው ተጣምረዋል። ዐሳቡን በ1976 እ.ኤ.አ. ዲፊና ሄልማን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት አሳተሙት፤ በሚቀጥለው ዓመት ሪቨስት፥ ሻሚርና አድልማን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሳሉ በሥራ የሚውል ዘዴ አገኙለት። ሰነዱ በመጀመሪያ ተጨምቆ ወደ አጭር ቁጥር ይለወጣል፤ ያም ቁጥር በግል ቁልፉ ይታተማል፤ ተቀባዩም በይፋ ቁልፉ ይመረምረዋል። ከሰነዱ አንዲት ፊደል ወይም አንድ ዜሮ ብትለወጥ ምርመራው አይሰምርም። የምስክር ወረቀቱ ሥራ፥ ይህ ይፋ ቁልፍ የእገሌ ነው ብሎ መመስከር ነው።

የዚህ ዘዴ ጥቅም የሚናቅ አይደለም። የእጅ ፊርማ ይመሰላል፥ የጎማ ማኅተም ይቀረጻል፥ ከተፈረመ በኋላም በወረቀቱ ላይ ቁጥር ይጨመራል። በዲጂታል ፊርማ የታተመ ሰነድ ከእንዲህ ያለው ተንኰል እጅግ የተጠበቀ ነው። ከዚህም በቀር ነጋዴውን ከመመላለስ ያድነዋል። በአገራችን የንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ግብር በየጊዜው ይታወቃል፤ ጊዜው ሲያልፍም ቅጣት አለ። የንግዱ ሚኒስቴር ምዝገባና ፈቃድ በኢንተርኔት መስጠት መጀመሩ ለገጠር ከተማ ነጋዴ እፎይታ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሒሱ ዘዴው ይቅር ለማለት የቀረበ እንዳይመስል አስቀድሜ ለመናገር እወዳለሁ።

እንግዲህ ዐዋጁን ከአዲስ አበባ አውጥተን ወደ አዊ ዞን፥ ወደ አዘና ከተማ እንውሰደው። ለምሳሌ ያህል በዚያ እህል የሚነግድ አንድ ሰው እናስብ። ዱቤውን፥ የዕቁቡን ተራ፥ የኵንታሉን ዋጋ አይስትም፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋው አውኚ ነው፥ በገበያ አማርኛ ይናገራል፤ ማንበብና መጻፍ ግን አልተማረም። ይህ ሰው ፈቃድህን በኢንተርኔት አሳድስ ቢባል ኮምፒዩተርና ፎቶ ኮፒ ወዳለበት ቤት ይሄዳል። በዚያ ያለው ወጣት ቅጹን ይሞላለታል፤ በስልክ የመጣውን ቁጥር ተቀብሎ ያስገባል፤ የይለፍ ቃሉንም ባለጉዳዩ እንዳይረሳው ብሎ በራሱ ደብተር ይጽፍለታል። በዚህ አሠራር ላይ የግል ቁልፍ ሲጨመር፥ ቁልፉም በዚያው ኮምፒዩተር ውስጥ ይቀመጣል። ዐዋጁ ቁልፉ በፈራሚው ብቻ ቁጥጥር ሥር ይኖራል ብሎ ይነሣል፤ ፈራሚው ግን ቁልፉ ምን እንደሚመስል እንኳ አላየም።

አንድ ተከራካሪ፥ «ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ማንበብ የማይችል ሰው ጉዳዩን ምንጊዜም በሌላ እጅ ሲያስጽፍ ኖሯል» ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ በየፍርድ ቤቱ ደጅ የተቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ብዙ ድኻ ረድተዋል። ነገር ግን ማመልከቻ ጸሐፊው ቃሉን ሲጽፍ ጣቱ በባለጉዳዩ እጅ ላይ ቀርታለች። ወረቀቱ አልቆ ቀለሙ እስኪቀርብ ድረስ፥ ሰውየው «እስቲ አንድ ጊዜ አንብብልኝ» ለማለት ይችል ነበር፤ ካልጣመውም እጁን ይሰበስባል። አውራ ጣትን ማበደር አይቻልም፤ ቁልፍን ግን ማበደር ይቻላል። ቁልፉን የያዘ ሰው ባለቤቱ ቤቱ ተኝቶ ሳለ ሊፈርምለት ይችላል፤ ፊርማውም ባለቤቱ ራሱ ካደረገው በምንም አይለይም።

የታሪካችንም ምሳሌ ይህንኑ ያስረዳል። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የንጉሡን ማኅተም የሚጠብቀው ጸሐፌ ትእዛዙ ነበረ። ማኅተም በሌላ ሰው እጅ መኖሩ በራሱ ነውር አልነበረም፤ ጠባቂው ግን በሹመት የታወቀና በስሙ የሚጠየቅ ሰው ነበር። የአዘናው ነጋዴ ቁልፍ ጠባቂ ሹመት የለውም፤ በመዝገብ አይታወቅም፤ ነገ ሌላ ሥራ አግኝቶ ወደ ባሕር ዳር ቢሄድ ቁልፉ አብሮት ይሄዳል። በሰነዱ ላይ የሚቀረው የነጋዴው ስም ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ ክርክር ልመለስ። ማንበብ የማይችል ሰው በዲጂታል ፊርማ አክሲዮን ቢያስተላልፍ ወይም የማኅበር መመሥረቻ ጽሑፍ ቢፈርም፥ ቁጥር 1728 ይመለከተዋልን? ይመለከተዋል ካልን፥ የምስክር ወረቀት ሰጪው ድርጅት ውል አዋዋይም፥ የመዝገብ ሹምም፥ ዳኛም ስላልሆነ ፊርማው ሰውየውን አያስገድደውም፤ በዚያ ፊርማ ታምኖ ገንዘቡን የከፈለው ሌላው ወገን ይጐዳል። አይመለከተውም ካልን ደግሞ፥ የ1952ቱ ሕግ ለደካማው የሠራለት አጥር ማንም በግልጥ ሳይሽረው ፈረሰ ማለት ነው። በሁለቱም መንገድ አንድ ቅን ሰው ይከስራል። ዐዋጁ የምስክር ወረቀት ያዡን ቁልፉን ተጠንቅቆ እንዲጠብቅ፥ ቁልፉ ከእጁ ሲወጣም እንዲያስታውቅ ግዴታ ያደርግበታል። ግዴታው ለባንክና ለትልቅ ኩባንያ ተገቢ ነው፤ ቁልፉን አይቶት ለማያውቅ ሰው ግን ጥፋቱን አስቀድሞ በእርሱ ላይ መጻፍ ይሆናል።

ነገሩ የሚመለከተው ትልልቅ ማኅበሮችን ብቻ ነው እንዳይባል፥ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ቁጥር 1243/2013 አንድ ሰው ብቻውን ኀላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም እንዲችል ፈቅዷል። ስለዚህ በአንድ ቁልፍ፥ በአንድ ፊርማ፥ በአንድ ሰው ስም ማኅበር ሊቆም ይችላል። ቁልፉ በማን እጅ ነው የሚለው ጥያቄ ከዚህ በኋላ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ሌሎችም የፋይዳን መታወቂያ ያነሣሉ። የዲጂታል መታወቂያ ዐዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሰውን በጣት አሻራው፥ በዓይኑ ብሌንና በፊቱ ምስል ይመዘግባል፤ ቁልፉን ከዚህ ጋር ብናስተሳስረው አበዳሪና ተበዳሪ ይቀራል ይላሉ። በከፊል ትክክል ናቸው፤ ጣቲቱ ተመልሳ መጣች ማለት ነውና። ይሁን እንጂ ፋይዳ የሚመልሰው «ይህ ማን ነው?» የሚለውን ነው። «ምን እንደ ተጻፈ ተነቦለታልን?» ለሚለው መልስ አይሰጥም። አሻራውን በመሣሪያው ላይ አድርግ የተባለ ሰው፥ ፈቃድ ሊያሳድስ ይሁን ዕዳ ሊቀበል ከመስታወቱ ላይ አንብቦ ካልተረዳ፥ በ1952 ዓ.ም. ከነበረው ሰው የተሻለ ጥበቃ አላገኘም።

የውጭ አገሮችም ልምድ ማስጠንቀቂያ ይሰጠናል። በአሜሪካ የዩታ ግዛት በ1995 እ.ኤ.አ. በዓለም የመጀመሪያውን የዲጂታል ፊርማ ሕግ አወጣች፤ ቁልፉን የመጠበቁን ሸክም በባለቤቱ ላይ የጣለ ሕግ ነበር። ብዙ ተጠቃሚ ስላላገኘ በ2006 እ.ኤ.አ. ተሻረ። በሕንድ አገር ደግሞ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኩባንያዎች ሰነዳቸውን በኤሌክትሮኒክ መንገድ፥ በዳይሬክተሮቻቸው የዲጂታል ፊርማ እያረጋገጡ እንዲያቀርቡ ተደረገ። ከዚያም ቁልፉን የያዘችው ትንሽ መሣሪያ በሒሳብ ሠራተኛው መሳቢያ ውስጥ የምትኖርበት ልማድ ተስፋፋ። እንግሊዝኛ አንባቢ የሆነ ዳይሬክተር ቁልፉን ለሌላ ከሰጠ፥ የአዘናው ነጋዴ አይሰጥም ብሎ ሕግ መሥራት አይገባም።

በዚህ ላይ የመስመሩ ነገር አለ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቈይቷል። ሰነድ በኢንተርኔት ብቻ ይቅረብ የሚል ትእዛዝ በእንደዚህ ያለ ጊዜ ቢጸና፥ ሰውየው ቁልፉን ይዞ ሳለ በሩ የለም። በወረቀትና በጣት የሚሄደው የቀድሞው መንገድ ክፍት ሆኖ መቈየት ያለበት ስለዚህ ነው።

ሒስ መፍትሔ ካላመለከተ ነቀፋ ብቻ ሆኖ ይቀራልና፥ የሚመስለኝን ልናገር። አንደኛ፥ የኮምፒዩተሩ ጸሐፊ በነጋዴው ቁልፍ ከሚፈርም፥ በራሱ ስም የተሰጠ ቁልፍ ይኑረው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 2199 ጀምሮ ስለ ውክልና የሚናገረው ለዚህ ይበቃል፤ ወኪሉ በወኪልነቱ ይፈርም፥ ሥልጣኑም ፈቃድ ለማሳደስና ግብር ለማስታወቅ ብቻ የተወሰነ ይሁን። ያን ጊዜ ያጠፋው በስሙ ይጠየቃል። ሁለተኛ፥ ማንበብ ለማይችል ሰው የምስክር ወረቀት ሲሰጥ፥ የሚያስከትለው ግዴታ በመዝገብ ሹም ፊት በሚሰማው ቋንቋ ይነበብለት፤ በአዊ ይህ ቋንቋ አውኚ ነው። ሦስተኛ፥ ንብረት የሚያስተላልፍ ወይም ዕዳ የሚያስገባ ሰነድ በእንደዚህ ያለ ሰው ቁልፍ ብቻ እንዳይጸና፥ የቁጥር 1728 ሦስተኛው ቃል በዐዋጁ ውስጥ በግልጥ ይግባ። አራተኛ፥ ቁልፉን ማሳገድ ከፈለገ ባለቤቱ ወደ ቀበሌው ሄዶ በቃሉ ሊያመለክት ይቻለው።

የሕግ ተማሪዎች የሆንን ሰዎች ዐዋጁን ስናነብ ስለ ቁጥሮቹ ጥንካሬ እንነጋገራለን፤ ቁጥሮቹም በእውነት ጠንካሮች ናቸው። ደካማው ቦታ በቁልፉና በባለቤቱ መካከል ያለው ነው። በ1952 ዓ.ም. ሕግ አውጪው በዚያ ቦታ ላይ አንድ አንባቢና አንድ ኀላፊ ሰው አቁሞ ነበር። ዛሬም ያን ሰው ከቦታው ሳናነሣ ኮምፒዩተሩን በአጠገቡ ማስቀመጥ ይቻላል።