ጉልላቱ ከፍ ብሎ ታሪኩ ሲያጥር

ሮቤ ስል ብዙ ሰው የባሌዋን ያስባል። የእኔዋ የአርሲዋ ናት፤ የስንዴና የገብስ አገር። ባለፈው ጥምቀት ዘመድ ጥየቃ ሄጄ አክስቴ ቤት አንድ የምረቃ መጽሔት አገኘሁ። ከከተማው ወጣ ብላ ያለች፣ እንደ አዲስ የተሠራች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ናት። ስሟን አልጠቅስም፤ ነገሩ የእሷ ብቻ አይደለምና።

እንዲህ ያለ መጽሔት ያላየ የለም። ሽፋኑ ላይ ጉልላት፣ ከዚያ ቡራኬ፣ ከዚያ የኮሚቴው ፎቶ፣ ከዚያ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደገባና ማን ስንት እንደሰጠ። መሐል ላይ አንዲት ገጽ «ታሪክ» ትላለች። እኔ የተጣላሁት ከዚህች ገጽ ጋር ነው።

ግሶቹን ተመልከቱልኝ፦ «ተተከለች፣ ታነጸች፣ አረጀች፣ ፈረሰች፣ ታደሰች።» ማን ተከላት? ማን አፈረሳት? ባለቤት የለም። ሰው በስሙ የሚመጣው ገንዘቡ ጋ ስንደርስ ብቻ ነው። መቶ ዓመት በአምስት ግስ አለፈ፤ የመጨረሻው ሦስት ዓመት ግን ሃያ ገጽ ወሰደ።

አሮጌው ቤት ይመለስ ማለቴ አይደለም። ክቡ ቤት ደስ ይላል፤ የጥድ ምሰሶ፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ሣር ክዳን፤ ቅኔ ማኅሌቱ ቅድስቱን፣ ቅድስቱ መቅደሱን ከቦ። ግን ሣር ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይበላል። ይሄን ሳነሳ አክስቴ ሳቁብኝ፦ «አንተ በዓመት አንዴ ነው የምትመጣው፤ ዝናቡ የሚወርደው እኛ ላይ ነው።» ልክ ናቸው። ደግሞም በእኛ ሥርዓት ቤቱን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርገው ታቦቱ ነው፤ ግድግዳው ይለወጣል። መታደስ ነውር ሆኖ አያውቅም።

ደብረ ሊባኖስን ውሰዱ። ገዳሙ የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ዛሬ የምናየው ሕንፃ ግን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሥራ ነው። በግራኝ አህመድ ጦርነት ጊዜ ተቃጥሏል። ግንቦት 1929 ደግሞ የግራዚያኒ ጦር መነኮሳቱን ረሸነ፤ ራሱ ግራዚያኒ ለሮም ያሳወቀው 297 መነኮሳት ብሎ ነበር። ሕንፃው አዲስ ስለሆነ ታሪኩ አዲስ አልሆነም፤ ምክንያቱም ማን ምን እንዳደረገ ይነገራል። አክሱም ጽዮንም አፄ ፋሲል ያሠሩት ቤተ ክርስቲያንና በኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው ባለ ትልቅ ጉልላት ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ ሌላውን አልዋጠውም። ሄዶ ያየ ሁለቱንም ያነባል፤ በአሮጌው ሴት እንደማትገባና በአዲሱ እንደምትገባ ጭምር።

አርሲ ላይ ዝምታው ለምን እንደሚከብድ ግልጽ ነው። በ1870ዎቹ የራስ ዳርጌ ዘመቻዎች ይህን ምድር ለሸዋ አስገበሩ፤ ከዘመቻው በኋላ በየቦታው ብዙ አብያተ ክርስቲያናት የተተከሉት ከመጡት ወታደሮችና ሰፋሪዎች ጋር ነው። ይሄን መጻፍ ያስፈራል፣ ይገባኛል። ግን እኛ «ተተከለች» ብለን ስንዘል ታሪኩ አይጠፋም፤ ሌላው ለብቻው ይናገረዋል። እዚሁ አርሲ፣ ሒጦሳ ውስጥ፣ በ2006 የተመረቀው የአኖሌ ሐውልት ስንት ክርክር እንዳስነሳ እናስታውሳለን። አንዱ ወገን ቁስሉን ሲናገር ሌላው የሲሚንቶ ኩንታል ከቆጠረ፣ ምን ዓይነት ውይይት ይኖራል?

ያውም የተዘለለው ክፉው ብቻ ቢሆን! ደጉም አብሮ ተዘሏል። መጽሔቱን አስቀምጬ አክስቴን «የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ማን አመጣው?» አልኳቸው። ሳያስቡ መለሱ። ከሮቤ ገበያ በአህያ ተጭኖ ነው የመጣው፤ አህዮቹ የአንድ ሙስሊም ጎረቤታቸው ነበሩ፤ ኪራይ አልተቀበሉም፤ ዝናብ ስለያዛቸው ቆርቆሮው እነዚያ ሰውዬ ቤት አድሮ ነው በማግስቱ የደረሰው።

ይሄ ሁለት መስመር ነው። ከለጋሾቹ ዝርዝር ሥር ቦታ ይበቃው ነበር።

ሰውየው አሁንም አሉ። እሳቸውም አክስቴም አርጅተዋል። የቀጣዩ መጽሔት አዘጋጅ ሆይ፣ ከካሜራው በፊት ደብተር ይዘህ ሂድ።